ቴራፒስት ስትፈልጉ ይሉኝታን ቤት ጥላችሁ ውጡ

መጀመሪያ ያገኘኋት ቴራፒስት (በንግግር የምታክም የሥነ ልቦና ባለሙያ) ጋ አምስት ጊዜ ተመላልሻለሁ። ካዛንቺስ አካባቢ፣ ሊፍቱ የማይሠራ ፎቅ ላይ። እኔ ስለ አባቴ አወራለሁ፣ እሷ ስልኳን ታያለች፤ ቀና ስትል ደግሞ «አይዞህ፣ ያልፋል» ትለኛለች። እሱንማ እናቴም በነጻ ትለኛለች! ታዲያ ለምን አምስት ጊዜ? ይሉኝታ ነዋ። «ከእንግዲህ አልመጣም» ማለት ከበደኝ።

በቅድሚያ ማን እንደሚያስፈልጋችሁ ለዩ። ሳይካትሪስት ሐኪም ነው፣ መድኃኒት ያዛል። የሥነ ልቦና ባለሙያ ሥራው በንግግር ነው። እንቅልፍ ጭራሽ ከጠፋ፣ ሌላው የማይሰማው ድምፅ ከተሰማችሁ ወይም ራስን የማጥፋት ሐሳብ ከመጣ ግን ማማረጡን ተዉትና ዛሬውኑ ሆስፒታል ሂዱ። አማኑኤል የአእምሮ ሆስፒታል ሲባል የሚሸማቀቅ ብዙ ነው፤ ጥቁር አንበሳና ዘውዲቱም የአእምሮ ሕክምና አላቸው።

ከቀጠሮ በፊት ደውሉ። ምን እንደተማሩ፣ የሙያ ፈቃድ እንዳላቸው፣ እንደናንተ ዓይነት ችግር ላይ ሠርተው እንደሚያውቁ፣ ዋጋውን፣ ከቀጠሮ ብትቀሩም ትከፍሉ እንደሆን ጠይቁ። አንዱ ቀጠሮ ብዙ ጊዜ ከ45 ደቂቃ እስከ 1 ሰዓት ነው። ሲጠየቅ የሚቆጣ ባለሙያ ገና በስልክ ተለየላችሁ ማለት ነው። ቋንቋም አትርሱ፤ ሆዳችሁ የሚብሰው በኦሮምኛ ከሆነ በአማርኛ ምን አስለፋችሁ?

ዘመድ ወይም የዘመድ ጓደኛ ጋ አትሂዱ። አዲስ አበባ ትልቅ ትመስላለች እንጂ ማኪያቶ ሳትጨርሱ የጋራ ወዳጅ ይገኛል። ምስጢራችሁ በምን ሁኔታ ብቻ ለሌላ ሰው ሊነገር እንደሚችል (ለምሳሌ ሕይወት አደጋ ላይ ሲወድቅ) ገና በመጀመሪያው ቀን በግልጽ ይንገሯችሁ።

ከዚያ ሦስት ጊዜ ያህል ሞክሩ። ከብዷችሁ ብትወጡ፣ አልቅሳችሁም ብትወጡ ችግር የለውም። ችግሩ ባለሙያውን ላለማስቀየም መዋሸት ስትጀምሩ ነው። ያኔ «እስካሁን ስለረዱኝ አመሰግናለሁ፣ አቁሜያለሁ» የሚል አንድ መስመር ቴክስት ይበቃል። ሽማግሌ መላክ አያስፈልግም።

አሁን የምሄድበት ሰውዬ አራት ኪሎ ነው። መጀመሪያ ቀን ሳለቅስ አይዞህ አላለኝም፤ ሶፍቱን ወደኔ ገፋ አድርጎ ዝም አለ። በሦስተኛው ቀን እንደምንም ደፍሬ «ባለፈው ያሉኝ ነገር አልተመቸኝም» አልኩት። ፊቱ አልተለወጠም። እስክሪብቶውን አስቀመጠና «የቱ?» አለኝ።