በማይክሮስኮፕ ምስል ላይ የሁለት ቻናሎችን መደራረብ እንዴት እንለካለን?

ቻናል ማለት በናሙናው ላይ የተቀባ የአንድ አብሪ ቀለም ብርሃን ብቻውን የተመዘገበበት ምስል ነው፤ መደራረቡም በሁለት ቀለም የተቀቡ ፕሮቲኖች በአንድ ቦታ መገኘታቸውን ያመለክታል። አረንጓዴና ቀይ ምስሎች ሲነባበሩ የሚታየው ቢጫ ግን የመደራረብ ማስረጃ አይደለም። የአንዱን ቻናል ድምቀት ከፍ ወይም ዝቅ በማድረግ ብቻ ቢጫውን ማብዛትም ማጥፋትም ይቻላል። መደራረብ የሚለካው ከፒክስሎቹ ዋጋ ነው፤ ልኬቱ አብዛኛውን ጊዜ የሚበላሸው ግን ሶፍትዌሩ ሳይከፈት፣ ገና ምስሉ ሲነሳ ነው።

ሁለቱን ቻናሎች በየተራ ያንሱ። አንድ ላይ ከተነሱ የአረንጓዴው ቀለም ብርሃን ወደ ቀዩ ቻናል ሾልኮ የሌለ መደራረብ ይፈጥራል። ለማረጋገጥ በአንድ ቀለም ብቻ የተቀቡ ናሙናዎችን አዘጋጅተው በሁለቱም ቻናል ያንሷቸው፤ ባዶ መሆን በሚገባው ቻናል ላይ ምልክት ከታየ መጀመሪያ ማጣሪያውን ወይም የሌዘሩን ኃይል ያስተካክሉ። በ12 ቢት (የፒክስል ዋጋ ከ0 እስከ 4095) ሲያነሱ 4095 የደረሰ ፒክስል እንዳይኖር፤ ጣሪያ የነካ ፒክስል ትክክለኛ ዋጋው ጠፍቷል። ፋይሉን በቲፍ ያስቀምጡ፤ ጄፔግ የፒክስሎቹን ዋጋ ይለውጣል።

ከዚያ ምስሉን ፊጂ በተባለው የምስል መተንተኛ ሶፍትዌር ከፍተው ቻናሎቹን ይለያዩ። ሴል የሌለበትን ቦታ አማካይ ዋጋ ለክተው ከየቻናሉ ይቀንሱ። ቀጥሎ በአንዱ ሴል ዙሪያ መስመር ይሳሉ። ይህ እርምጃ አይዘለል፦ ባዶው ቦታ በሁለቱም ቻናሎች ጨለማ ስለሆነ ከተካተተ የፒርሰንን ዋጋ (የሁለቱን ቻናሎች ድምቀት ዝምድና የሚለካውን ቁጥር) ያለአግባብ ያሳድገዋል። ኮሎክ 2 የተባለውን ፕለጊን ይክፈቱ፤ ቻናሎቹንና የከለሉትን ቦታ ይምረጡ፤ የመቁረጫ ነጥቡን (ከእሱ በታች ያለ ድምቀት እንደ ምልክት የማይቆጠርበትን ዋጋ) ኮስተስ በተባለው አውቶማቲክ ዘዴ እንዲያወጣ ያድርጉ፤ የማደባለቂያ ሙከራውን (የምስሉን ክፍሎች በዘፈቀደ አደባልቆ እንደገና የሚለካበትን ብዛት) ከ10 ወደ 100 ያሳድጉ። እዚህ የሚወጣው የኮስተስ ፒ ዋጋ (ትክክለኛው ምስል ከተደባለቁት የበለጠ ዝምድና ያሳየበት ድርሻ) ትንሽ ሲሆን ከሚፈለገው ከተለመደው የስታቲስቲክስ ፒ ዋጋ ተቃራኒ ነው፤ የሚፈለገው ከ0.95 በላይ ሲሆን ነው።

የፒርሰን ዋጋ ከ-1 እስከ 1 ሲሆን የሁለቱ ድምቀት አብሮ መጨመር መቀነሱን ይናገራል። የማንደርስ ቁጥሮች፣ ኤም1 (ለመጀመሪያው ቻናል) እና ኤም2 (ለሁለተኛው)፣ ደግሞ ከ0 እስከ 1 ናቸው፤ ከአንዱ ቻናል ምልክት ምን ያህሉ ሌላው ባለበት ቦታ እንደሚገኝ ያሳያሉ። የመጀመሪያው ቻናል ፕሮቲን በጥቂት ቦታ ሆኖ የሁለተኛው በመላው ሴል ከተሰራጨ ኤም1 ወደ 1 ሲጠጋ ኤም2 ዝቅ ይላል። ፒርሰን ብቻውን ይህን ልዩነት ይሸፍነዋል።

ምልክቱ ደካማ ከሆነ ኮስተስ የመቁረጫ ነጥቡን ወደ ዜሮ አስጠግቶ ማንደርስን ያጋንነዋል። ያኔ ካልተቀባ ናሙና ላይ ነጥቡን ራስዎ ይወስኑና ለሁሉም ምስሎች አንዱን ይጠቀሙ። ከላይ እስከ ታች የተነሱ ንብርብሮችንም ወደ አንድ ምስል አይጨፍልቁ፤ አንዱ ከሌላው በላይ ያሉ ነገሮች የተደራረቡ ይመስላሉ።

በመደበኛ ኮንፎካል (በሌዘር አንድን ቀጭን ንብርብር ብቻ በሚያነሳ ማይክሮስኮፕ) ከ200 ናኖሜትር ገደማ በታች የተራራቁ ነጥቦች አይለዩም። ስለዚህ ከፍተኛ ቁጥር ቢገኝም ፕሮቲኖቹ ተገናኝተዋል ለማለት እንደ ፍሬት (ሁለት ቀለሞች እጅግ ሲቀራረቡ ጉልበት ከአንዱ ወደ ሌላው መተላለፉን የሚለካ ዘዴ) ያለ ሌላ ሙከራ ያስፈልጋል።