ፔዳሉ ሲሰምጥ፣ ቤንዚኑ ሲሸት፦ የዛጉ ቱቦዎች ችግርና መፍትሄ

ከፒያሳ በቸርችል ወደ ለገሃር ሲወረድ እግር ከፍሬን አይነሳም። አሮጊቷ ዲኤክስ ኮሮላዬ ጉዷን ያወጣችው እዚያው ቁልቁለት ላይ ነው። ፖስታ ቤት ጋ ረግጬ ቆሜ ሳለ ፔዳሉ ቀስ እያለ ወረደ። ደጋግሜ ስረግጠው ተመለሰ። በእጅ ፍሬን እየታገዝኩ ጥግ ያዝኩ።

ችግር፦ ፔዳሉ ተረግጦ ሲያዝ ይሰምጣል

ኮፈኑን ክፈቱና የፍሬን ዘይቱን እዩ። ካልጎደለ ዘይቱን ወደ ጎማዎቹ የሚወስደውን ቱቦ አትውቀሱ፤ ብዙ ጊዜ ጥፋቱ ፔዳሉ ሲረገጥ ዘይቱን የሚገፋው የማስተሩ ጎሚኒ ነው። ከጎደለ ግን የሆነ ቦታ እየፈሰሰ ነው። መጀመሪያ የአራቱንም ጎማ ውስጠኛ ጎን ዳብሱ። ደረቅ ከሆነ ቱቦውን ከፊት እስከ ኋላ ተከተሉ።

የእኔ የተገኘው ከኋላ፣ ቱቦውን ከቦዲው ጋር የምታጣብቀው ቆርቆሮ ስር ነው። ጭቃ ታጭቆ ደርቆባታል። በካቻቢቴ ስፍቀው ብረቱ እንደ ቅርፊት ተነሳ። ቀዳዳው የመርፌ ጫፍ አያክልም።

ምክንያት

አዲስ አበባ መንገድ ላይ ጨው አይነሰነስም። የእኛ ጠላት ክረምቱን ሙሉ የሚለጠፈው ጭቃ ነው። በረዶ በጨው ከሚቀልጥበት አገር ያገለገለ መኪና ደግሞ ዝገቱን ይዞት ሊመጣ ይችላል። የመኪናውን ስር የተቃጠለ ዘይት ማስቀባትም መፍትሄ አይመስለኝም። የጎማ ቱቦውን ያሳብጣል፤ ሁሉም ነገር እርጥብ ከሆነ ደግሞ የሚያፈሰውን በምን ትለዩታላችሁ?

መፍትሄ

መካኒኩ "የዛገውን ቆርጠን የጎማ ቱቦ እናስገባለት፣ በፋሸታ (በብረት ማሰሪያ) እናስረዋለን" አለኝ። እንዲህ ከተባላችሁ እምቢ በሉ። የመኪና ጎማ ውስጥ ያለው ግፊት 2 ባር ገደማ ነው። ፍሬን ቱቦ ውስጥ ግን ጠንከር ተደርጎ ሲረገጥ ከ100 ባር ሊያልፍ ይችላል። ፋሸታ ይህን አይችልም።

ቱቦው ከመጋጠሚያ እስከ መጋጠሚያ ሙሉውን ይቀየር። አሮጌውን እንደ ናሙና ይዛችሁ መለዋወጫ ወደሚሸጥበት ሶማሌ ተራ ውረዱ። ብዙ የጃፓን መኪና ላይ የቱቦው የውጭ ዲያሜትር 4.75 ሚሊ ሜትር ነው። ብረት ወይም የመዳብና ኒኬል ቅይጥ ይሁን። የፍሪጅ መዳብ እንዳታስገቡ፤ ንዝረት ያደርቀውና ይሰነጥቀዋል። የቱቦው ጫፍ ሁለቴ ታጥፎ አፉ ሰፋ ማለት አለበት። ቱቦውን የሚያስረውን ዳዶ ግን ጫፉ ሰፋ ከማለቱ በፊት አስገቡ። እኛ ረስተን ሁለት ጊዜ ሠርተነዋል።

የዛገ ዳዶ በተራ ቁልፍ ከተሞከረ ይላጣል። ማታ የዝገት ማስለቀቂያ ነፍታችሁ አሳድሩት። ከዚያ ዙሪያውን የሚይዝ፣ ቱቦ የሚያሳልፍ ክፍተት ያለው ቁልፍ ተጠቀሙ።

ችግር፦ ቱቦው አዲስ ነው፣ ፔዳሉ ግን እንደ ስፖንጅ ነው

አየር ገብቷል። አንድ ሰው ጋቢና ይቀመጥ፣ አንዱ ከስር ይግባ። "ርገጥ!" "ያዝ!" እየተባባላችሁ አስወጡት። ብዙ መኪና ላይ ከማስተሩ በጣም የሚርቀው የቀኝ ኋላ ጎማ ነው፤ ከእሱ ጀምሩ። ዘይቱ መሃል ላይ እንዳያልቅ። የወጣውን መልሳችሁ አትጨምሩ። የዘይቱ ዓይነት የማጠራቀሚያው ክዳን ላይ ተጽፏል።

ችግር፦ ጠዋት ጠዋት ቤንዚን ይሸታል

ከሳልቫትዮ (ከነዳጅ ታንኩ) የሚመጣውን ቱቦ እዩ። እዚህ ላይ የጎማ ቱቦና ፋሸታ ያስኬዳል፤ የነዳጅ ጎማ እስከሆነ ድረስ። ካርቡሬተር (ነዳጅን ከአየር የሚቀላቅል) ያለው መኪና ግፊቱ ትንሽ ነው። ኢንጄክሽን (ነዳጅ በግፊት የሚረጭ) ግን 3 ባር ገደማ ስለሆነ ለእሱ የተሠራውን ጎማ ይፈልጋል። የውሃ ጎማ አይሆንም። የባትሪውን ኔጌቲቭ ፍቱ። ጋራዡ በር ላይ ቡና የምታፈላውንም ልጅ ከሰሉን ራቅ እንድታደርግ ለምኗት።

ሲያልቅ ሞተሩን አስነሱና ፔዳሉን ለአንድ ደቂቃ ጠንክራችሁ ያዙት። ከስር ካርቶን አንጥፋችሁ አሳድሯት። ጠዋት ካርቶኑ ደረቅ ከሆነ መጀመሪያ ሜዳ ላይ ሞክሯት፤ ቸርችል ከዚያ በኋላ።