ሾልኮ የወጣ የመኪና ሰነድ ሲደርሳችሁ ካልኩሌተር አውጡ

ገና ገበያ ያልወጣ መኪና «ሚስጥራዊ» ሰነድ ሲላክላችሁ ሎጎውንና ማኅተሙን ተዉት፤ እሱን ማንም ይሠራዋል። ቁጥሮቹን እርስ በርስ አጋጩ። ቶርኩን (የሞተሩን የመጠምዘዝ ኃይል፣ በኒውተን ሜትር) ቶርኩ በተጻፈበት የሞተር ዙር በደቂቃ አባዙና ለ9549 አካፍሉ፤ የሞተሩ ጉልበት በኪሎዋት ይመጣል። 400 ኒውተን ሜትር በ4,500 ዙር ወደ 188 ኪሎዋት ይሰጣል። ሰነዱ «ከፍተኛ ጉልበት 150 ኪሎዋት» ካለ ከሁለቱ አንዱ ስህተት ነው።

ፈረስ ጉልበቱም ያጋልጣል፦ 150 ኪሎዋት በአውሮፓ አቆጣጠር 204፣ በአሜሪካ 201 ነው። አስመሳዮች፣ ከየቦታው ስለሚገለብጡ፣ ሁለቱን ያደባልቃሉ።

የሻንሲ ቁጥር ካለበት ፊደሉና አሃዙ አንድ ላይ 17 መሆኑን ቁጠሩ፤ አይ (I)፣ ኦ (O) ወይም ኪው (Q) ፊደል ከገባበት አበቃ፣ ቁጥሩ ሐሰተኛ ነው። ስሌቱ ቢገጥም እንኳ ሰነዱ የሙከራ መኪና ሊሆን ይችላል፤ ለሽያጭ የሚወጣው ሊለወጥ ይችላል።