የ1919ኙን የሰላም ውልና የድንበር አከላለል ሲጽፉ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ስለ አንደኛው የዓለም ጦርነት ፍጻሜ የሚጽፉ ተማሪዎችን ሥራ ሳርም ተመሳሳይ ስህተቶች በየዓመቱ ይመለሳሉ። ከዚህ በታች ያሉት ቀኖች በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ሁሉን ነገር ለቬርሳይ መስጠት። ጁን 28 ቀን 1919 የተፈረመው የቬርሳይ ውል የጀርመን ውል ነው። ኦስትሪያ በሳን ዠርመን፣ ቡልጋሪያ በኑዪ፣ ሀንጋሪ በትሪያኖን፣ የኦቶማን መንግሥት በሴቭር ለየብቻ ፈርመዋል፤ ከቀድሞ ግዛቷ ሁለት ሦስተኛ ያህሉን ያጣችውም ሀንጋሪ እንጂ ጀርመን አይደለችም።

የሴቭርን ውል እንደ ጸና መቁጠር። ውሉ ሳይጸድቅ ቀርቶ በ1923 በሎዛን ውል ተተክቷል።

«ዊልሰን፣ ክሌማንሶና ሎይድ ጆርጅ ካርታ ዘርግተው አውሮፓን በእርሳስ ከፋፈሏት» ብሎ መጻፍ (ሦስቱ የአሜሪካ፣ የፈረንሳይና የብሪታንያ መሪዎች ነበሩ)። ይህን ዓረፍተ ነገር ባየሁ ቁጥር ትዕግሥቴ ያልቃል፤ ድንበር እንዴት እንደሚሠራ ጨርሶ ይደብቃልና። በመጀመሪያ፣ ውሎቹን ያዘጋጀው የፓሪሱ የሰላም ጉባኤ ሲመክር ብዙው መሬት በጦር ተይዞ ነበር፤ በጀርመን ሥር በነበረችው በፖዝናን ፖላንዳውያን ጉባኤው ሳይከፈት በዲሴምበር 1918 መጨረሻ ተነሥተዋል፣ የሮማኒያ ጦር ደግሞ የሀንጋሪ ውል ከመፈረሙ ወራት ቀደም ብሎ፣ በኦገስት 1919፣ ቡዳፔስት ገብቷል። ከዚህም በላይ በካርታ ላይ ያለ መስመር ገና ድንበር አይደለም። ከቬርሳይ ውል ጋር የተያያዘው ዋና ካርታ አንድ ለአንድ ሚሊዮን የተሳለ ስለሆነ አንድ ሚሊሜትር የሚወፍረው ቀይ መስመር በመሬት ላይ አንድ ኪሎ ሜትር ይሸፍናል፤ አንድ መንደር ከነማሳው ከሥሩ ሊውል ይችላል ማለት ነው። ስለዚህም አንቀጽ 29 ካርታውና ጽሑፉ ከተለያዩ ጽሑፉ ይጸናል ይላል፤ አንቀጽ 30 ደግሞ ወንዝ ወሰን በሚሆንበት ቦታ መርከብ የማይሄድበት ከሆነ የውኃው መካከል፣ የሚሄድበት ከሆነ የዋናው የመርከብ መተላለፊያ መካከል እንዲያዝ አዝዞ፣ ወንዙ አቅጣጫውን ቢቀይር ወሰኑ አብሮት ይሂድ አይሂድ የሚለውን ለድንበር ኮሚሽኖቹ ይተወዋል። በጀርመንና በፖላንድ መካከል መስመሩን በቦታው ተገኝቶ እንዲያስምር የታዘዘው ኮሚሽን ሰባት አባላት ነበሩት፦ አምስቱ ከአሸናፊዎቹ ኃያላን፣ አንድ ከጀርመን፣ አንድ ከፖላንድ። ወሰንን በወረቀት መወሰንና በመሬት ላይ መከለል የተለያዩ ሥራዎች መሆናቸውን የእኛ አንባቢ በቅርብ ያውቀዋል፤ የኢትዮጵያና የኤርትራ ድንበር ኮሚሽን በኤፕሪል 2002 ውሳኔውን ቢሰጥም የመሬቱ ሥራ ሳይጠናቀቅ በ2006 የምልክቶቹን ቦታ በካርታ ነጥቦች ብቻ አሳውቆ በ2007 ሥራውን አብቅቷል።

የሕዝብ ድምፅን ውጤት ከድንበሩ ጋር አንድ ማድረግ። በሽሌስቪግ በ1920 ሰሜኑ ለዴንማርክ፣ ቀጥሎ ያለው ቀጠና ለጀርመን ድምፅ ሰጥቶ ድንበሩ በዚያው ጸና። በላይኛው ሲሌዥያ ግን በማርች 1921 ከአሥር ስድስት ያህሉ ለጀርመን ድምፅ ቢሰጥም ክፍለ ሀገሩ ለሁለት ተከፍሎ አብዛኛው ኢንዱስትሪ ለፖላንድ ደረሰ። ክፍፍሉ ፍትሐዊ ነበር ወይ ብሎ መከራከር ተገቢ ነው፤ ነገር ግን ተከራካሪው ድምፁ በየቀበሌው እንዲቆጠር፣ የመልክዓ ምድርና የኢኮኖሚ ሁኔታም ከግምት እንዲገባ ውሉ አስቀድሞ መደንገጉን መጥቀስ አለበት።

ጦርነቱ ላደረሰው ጉዳት ኃላፊነትን የሚጥለውን የቬርሳይ ውል አንቀጽ 231ን ለጀርመን ብቻ እንደ ተጻፈ አድርጎ ማቅረብ። ተመሳሳዩ አንቀጽ በኦስትሪያም በሀንጋሪም ውል ውስጥ አለ።

የፊርማን ቀን ውሉ ከጸናበት ቀን ጋር ማምታታት። የቬርሳይ ውል የጸናው ጃንዋሪ 10 ቀን 1920 ሲሆን የጀርመንና የፖላንድ ድንበር ኮሚሽን በ15 ቀን ይቋቋም የተባለውም ከዚያ ቀን ጀምሮ ነው፤ ከፊርማው ቀን የሚቆጥር ጸሐፊ ያልነበረ የስድስት ወር መዘግየት ይፈጥራል።