ለአሮጌ ቴሌቪዥን የጆሮ ማዳመጫ መሰኪያ

አባቴ ጆሯቸው ስለደከመ የምሽቱን ዜና ሰፈሩ ሁሉ በግድ ያዳምጥ ነበር። ለአሮጌው ባለ ቱቦ ቴሌቪዥናቸው የጆሮ ማዳመጫ መሰኪያ የገጠምኩላቸው እንዲህ ነው።

በመጀመሪያ ከመብራት ነቅዬ አሳደርኩት። የምስል ቱቦው ከ20,000 ቮልት በላይ ስለሚሸከም፣ ጠፍቶ ያደረ ቢሆንም ቱቦው ላይ ያለው የጎማ ቆብ አይነካም። የስፒከሩ መስመር ከመብራቱ መስመር የተነጠለ መሆኑን ባለሙያ ለክቶ ያረጋግጥ። ካልተነጠለ ሥራው ይቅር፤ ጆሮ ላይ 220 ቮልት አይሰካም!

ከስፒከሩ ሁለት ሽቦዎች አንዱን ቆርጬ በባለ ሁለት አቅጣጫ ማብሪያ አሳለፍኩት፦ አንዱ አቅጣጫ ወደ ስፒከሩ፣ ሌላው በ100 ኦም ሬዚስተር (የኤሌክትሪክ ፍሰትን በሚቀንስ ትንሽ ዕቃ) በኩል ወደ 3.5 ሚሊ ሜትር መሰኪያው። ድምፁ ሞኖ (ግራና ቀኝ ያልተለየ) ስለሆነ የመሰኪያውን የግራና የቀኝ እግር በብየዳ አገናኘሁ። ያልተቆረጠው ሽቦ በቅጥያ ሽቦ ከመሰኪያው የጋራ እግር ጋር ይያያዛል። መሰኪያው የፕላስቲክ ይሁን። እናቴ ማብሪያውን «የሰላም ቁልፍ» ብለውታል።