ድኅረ ቅጥያን በተመለከተ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

በጅማ አማርኛን የሚያስተምርም ሆነ የሚማር ሰው «ድኅረ ቅጥያ» የሚለውን ስያሜ በየመልመጃው ያገኘዋል፤ ነገር ግን ምንነቱንና አመጣጡን ሳያጣሩ መጠቀም ለተደጋጋሚ ስህተት ይዳርጋል።

አንደኛው ስያሜውን በቃል መጨረሻ ለሚገኝ ፊደል ሁሉ መስጠት ነው። «ድኅረ» በግእዝ «በኋላ» ማለት ሲሆን፣ «ቅጥያ» ደግሞ «ግድያ» ከ«ገደለ» እንደ ወጣ ሁሉ «ቀጠለ» ከሚለው ግሥ የወጣ ነው። ስለዚህ ስያሜው የሚያመለክተው ከቃሉ ሥር ውጭ የሆነና ከኋላ የተቀጠለ ምዕላድን፣ ማለትም ትርጉም ያለውን የቃል ትንሹን ክፍል ነው። «ጸሎት» እና «ሞት» ሁለቱም በ«ት» ይጨርሳሉ፤ ሆኖም የ«ጸሎት» መድረሻ «ጸለየ» ላይ የማይገኝ ቅጥያ ሲሆን፣ የ«ሞት» «ት» ግን «ሞተ» ላይም ያለ የሥሩ ድምፅ ነው።

በቆዩ የሰዋስው መጻሕፍት ለድኅረ ቅጥያ የተሰጠውን «ባዕድ መድረሻ» የሚል ስያሜ ከባዕድ ቋንቋ የተወሰደ አድርጎ መረዳትም ተገቢ አይደለም። ባዕድነቱ ለቃሉ ሥር ነው።

ከሁሉ ይልቅ ትኩረት የሚያሻው ግን ቃልን በፊደል ቆርጦ መተንተን ነው። ፊደላችን ተነባቢንና አናባቢን በአንድ ምልክት ስለሚይዝ የቅጥያውን ድንበር ይሸፍነዋል፤ በዚህም የተነሣ ብዙ ተማሪዎች «ቤቶች» ከሚለው ቃል «ቶች»ን ቅጥያ አድርገው ያወጣሉ። ትክክለኛው ትንታኔ «ቤት» እና «-ኦች» ነው፤ «ገበሬ» በአናባቢ ስለሚጨርስ ያው ቅጥያ «-ዎች» ሆኖ ይሰማል እንጂ ሌላ ቅጥያ አይደለም። «ቤቶቻችንን» የሚለውም «ቤት»፣ «-ኦች»፣ «-ኣችን» እና «-ን» ተብሎ ይከፈላል፤ ብዛትን፣ ባለቤትነትንና ተሳቢነትን የሚያሳዩት ቅጥያዎች በዚህ ቅደም ተከተል ብቻ ይሰለፋሉ።

በጅማ ብዙ ሰው አፋን ኦሮሞንም ስለሚናገር የሁለቱን ቋንቋዎች ቅጥያዎች በድምፅ መመሳሰል ብቻ እንዳያዛምድ መጠንቀቅ አለበት። በአፋን ኦሮሞ «ነምኒ ዹፌ» («ሰውየው መጣ») ሲባል «ነመ» («ሰው») ላይ የተጨመረው ቅጥያ «-ኒ» ሰውየው የድርጊቱ ባለቤት መሆኑን ያሳያል፤ «ሰውየውን አየሁት» በሚለው የአማርኛ ዐረፍተ ነገር ግን «-ን» የሚያርፈው በተሳቢው ላይ ነው።

በመጨረሻም «መምህራኖች» እና «ሕፃናቶች» ብሎ ከመጻፍ መቆጠብ ያስፈልጋል፤ ከግእዝ የመጡት «-ኣን» እና «-ኣት» ብዛትን ስለሚያመለክቱ «መምህራን» እና «ሕፃናት»፣ ወይም በአማርኛው ሥርዓት «መምህሮች» እና «ሕፃኖች» ማለት ይበቃል።