ለኤልክ አደን ጠመንጃ ሲመርጡ፦ የካሊበር ስህተቶች

ጥቅምት በገባ ቁጥር በአሜሪካዋ ኮሎራዶ ተራሮች ላይ ያው ስህተት ይደገማል፦ ከተኳሹ አቅም በላይ የሆነ ማግነም፣ ማለትም ባሩዱ የበዛ ኃይለኛ ጥይት የሚተኩስ ጠመንጃ። ጀማሪው ተባዕት ኤልክ (ትልቅ የሰሜን አሜሪካ አጋዘን) 320 ኪሎ ገደማ እንደሚመዝን ይሰማና ሱቅ ሄዶ .300 ዊንቸስተር ማግነም ወይም .338 ተሸክሞ ይወጣል (ቁጥሩ ካሊበሩ ነው፣ የአፈሙዙ ቀዳዳ ስፋት በኢንች ገደማ)። ጠመንጃው ጉልበት አለው፣ ማንም አይክድም። መከራው ርግጫው ነው። 180 ግሬን (የአረር ክብደት መለኪያ) አረር የሚተኩስ .30-06 በ20 ፉት ፓውንድ (የጉልበት መለኪያ) ገደማ ይረግጣል፤ .308 ትንሽ ያንሳል፤ 6.5 ክሪድሙር 12 አካባቢ ነው። .300 ማግነም ግን ከ25 ይጀምርና ጠመንጃው ቀላል ከሆነ 30ን ያልፋል። ጥቂት ጥይት እንደተተኮሰ ሰውነት ሕመሙን ይለምደውና አስቀድሞ ይጠብቀዋል፦ ቃታው ሳይሳብ ዓይን ይጨፈናል፣ ትከሻ ይሸማቀቃል፣ አፈሙዙ ያጎነብሳል። ለሳንባ የታለመው አረር እግር ወይም ሆድ ዕቃ ያገኛል። ሆዱን የተመታ ኤልክ ደግሞ ሁለት ሸለቆ ተሻግሮ ይሞታል፤ ሥጋው የኮዮቲ ሲሳይ ነው።

«እኔ አልሸማቀቅም» የሚል ሁሉ ይፈተን። ተኩስ ሜዳ ላይ ጓደኛዎ ጠመንጃውን ይሙላልዎት፤ አንዴ እውነተኛ ጥይት፣ አንዴ የማይተኩስ የልምምድ ጥይት፣ የትኛው እንደሆነ ሳይነግርዎት። ቃታው ጠቅ ብሎ ጥይቱ ሳይተኩስ አፈሙዙ ዝቅ ካለ መልሱ ተገኝቷል። ይለቀኛል ብሎ በዚያው ማግነም ሁለት ሣጥን መጨረስ ያባብሰዋል እንጂ አያድንም። በትንሿ .22 እጅዎን ያስተካክሉ፣ ከዚያ ወደ .308 ወይም .270 ይምጡ። አፈሙዝ ላይ የሚገጠመው የርግጫ መቀነሻ ይሠራል፤ ግን ጩኸቱ አብሮ የተቀመጠውን ሰው ጭምር ያደነቁራል፤ ተራራ ላይ ደግሞ ጆሮውን የሚሸፍን ጥቂት ነው። ተንበርክከው ወይም ተቀምጠው፣ ያለ ጠረጴዛ፣ 200 ያርድ (180 ሜትር ገደማ) ላይ አምስት ጥይት 20 ሴንቲሜትር ስፋት ባለው ሳህን ውስጥ ካስገቡ ያ ካሊበር ይበቃዎታል። ካላስገቡ ሌላ ጠመንጃ አይግዙ፤ ይጠጉ።

ሁለተኛው ስህተት ካሊበሩን ሳምንት ሙሉ ተከራክሮ አረሩን ከመደርደሪያ ላይ በዋጋ ማንሳት ነው። ኤልክን የሚገድለው አረሩ ነው። ለትንሽ አጋዘን የተሠራ ስስ ሽፋን ያለው 150 ግሬን አረር የኤልክ ወርች አጥንት ላይ ሲያርፍ ይበታተናል፤ ቁስሉ ሰፊ ይመስላል፣ ሳንባ ግን አልደረሰም። እርሳሱ ከሽፋኑ ጋር የተጣበቀ ወይም እንደ ኖዝለር ፓርቲሽን መሐሉ ግድግዳ ያለው አረር ይፈልጉ፦ ለ.30 ካሊበር 165 ወይም 180 ግሬን፣ ለ7 ሚሊሜትር 160፣ ለ.270 ከ140 እስከ 150። እንደ ባርንስ ያለው ሙሉ መዳብ አረር ክብደቱን ስለማይጥል አንድ ደረጃ ቢቀልም ያስኬዳል፤ ነገር ግን ፍጥነት ይፈልጋል። በሰከንድ ከ2000 ጫማ እየወረደ ሲመጣ ጫፉ እንደ አበባ በደንብ ላይከፈት ይችላል፣ ስለዚህ በአጭር አፈሙዝ .308 ሩቅ መተኮሻ አይደለም።

ሕግ የፈቀደውን ዝቅተኛ መጠን እንደ ምክር መውሰድም አለ። ኮሎራዶ ለኤልክ ቢያንስ .24 ካሊበር፣ 85 ግሬን የሚከፈት አረርና 100 ያርድ ላይ 1000 ፉት ፓውንድ ይጠይቃል። .243 ይህን ያልፋል። በአልሞ ተኳሽ እጅ፣ በቅርብ፣ ጎኑን ለሰጠ ኤልክ ይሆናል፤ ለጀማሪ አይሆንም።

6.5 ክሪድሙርን በተመለከተ ወዳጆቹም ጠላቶቹም ያጋንናሉ። 143 ግሬኑ ከአፈሙዝ ሲወጣ 2300 ፉት ፓውንድ ገደማ አለው፤ 400 ያርድ ላይ ከ1500 በታች ይወርዳል። ብዙ አዳኞች ለኤልክ የሚይዙት ወለል ይኸው 1500 ነው። እስከ 300 ያርድ እሺ። ወረቀት ላይ 1000 ያርድ ስለመታ ኤልክም በዚያ ርቀት ይመታል ማለት ግን ቅዠት ነው። ሣጥኑ ላይ በትልቁ የተጻፈው የአፈሙዙ ጉልበት ነው፤ ኤልኩ ጋ የሚደርሰውን ያንብቡ።

«ሱቁ የጠመንጃውን ማለሚያ መነጽር አስተካክሎልኛል» አይበቃም። ከዴንቨርና ከኦሮራ የሚነሱ ወገኖች ከተማ ውስጥ ያለው የተኩስ ቤት 25 ያርድ ላይ ቢያልቅባቸው ያንኑ ይዘው ይወጣሉ። ወደ ሜዳ ወጥተው፣ በሚያድኑበት ጥይት፣ 180 ግሬኑን .30-06 100 ያርድ ላይ አምስት ሴንቲሜትር ከፍ አድርገው ያስተካክሉ፤ 200 ላይ ዒላማውን ይመታል፣ 300 ላይ ከ20 ሴንቲሜትር በላይ ይወርዳል። የጥይት ዓይነት ከቀየሩ እንደገና ይጀምሩ።

.300 ዊንቸስተር ማግነምና .300 ዊንቸስተር ሾርት ማግነም አንድ አይደሉም። ቀለሁ ቂጥ ላይ ያለው ጽሑፍና አፈሙዙ ላይ የተቀረጸው አንድ ይሁን።

ማግነም የያዘ ሰው አንድ ጊዜ ተኩሶ ቆሞ ያያል፤ «ይወድቃል» ብሎ። ሁለቱንም ሳንባ የተመታ ኤልክ ምንም እንዳልነካው መቶ ያርድ ሊራመድ ይችላል። ከወርቹ ኋላ፣ ከፍርምባው መስመር የሰውነቱን አንድ ሦስተኛ ከፍ ብለው ያልሙ፤ እንደተኮሱ ቀለሁን አውጥተው ሌላ ያጉርሱ፣ ቆሞ ካለ ይድገሙት። ከተሰወረ የቆመበትን ቦታ በዛፍ ወይም በድንጋይ ምልክት ይያዙና ግማሽ ሰዓት ጠብቀው ይሂዱ። ደሙ አረፋ ካለው ሳንባ ነው፣ ይከተሉ። አረንጓዴ ፈርስ ካዩ ይመለሱና ብዙ ሰዓት ይጠብቁ።